እንድሪስ ከወፍጮው ጀርባ

እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት ወልዲያ፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት ነው። ስልኬን ስከፍት ካሳ የለጠፈው ፎቶ ቀድሞ መጣ። ካሳ መርሳ ላይ ፀጉር ቤት ያለው ሰው ነው፤ ድሮ አብረን እንጨፍር ነበር። የእንድሪስን ፎቶ ለጥፎ፣ ዙሪያውን ሻማና የተሰበረ ልብ ደርድሮ፣ ከሥሩ «ንጉሣችን፣ ሁሌም ከጎንህ ነን» ብሎ ጽፏል። ከጎንህ ነን! ይኼ ሰው እኮ እንድሪስ በፀጉር ቤቱ በር ላይ ሲያልፍ ፊቱን ወደ መስታወቱ ያዞር የነበረ ሰው ነው። «ቱ!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የተቀመጠው የኬሚስትሪ መምህር ሻዩን ይዞ ፈቀቅ አለ።

እኔ ሲያስጠላኝ መደበቅ አላውቅም፤ ፊቴ ያወጣዋል። ከካሳ ቀጥሎ ሌሎቹም መጡ። አብረን የምንጨፍረው አሥራ አንድ ነበርን፤ ስድስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ አልቅሰው ጨረሱ። አንዷማ እንድሪስ አጠገብ የቆመችበትን ፎቶ ቆርጣ፣ ራሷን አሳምራ፣ እሱን ግማሽ ጆሮ አስቀርታ ለጥፋዋለች። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ይኼን ግን እንደ ጨዋነት አትቁጠሩልኝ። ከነሱ የምከፋው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

እንድሪስ መርሳ ውስጥ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። ወፍጮው የራሱ አይደለም፣ ባለቤቱ ደሴ ነው የሚኖረው። ከዚያ በፊት ሳውዲ ሰባት ዓመት ኖሯል፤ ለሠርግና ለድግስ ሞንታርቦ የሚያከራይ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ዲጄዎቹ ዕቃውን ሲሞክሩ ሲያይ፣ ከመካከላቸው አንድ ፊሊፒናዊ ልጅ ወዶት እጁን ይዞ አስተማረው። በኋላ ተጠርዞ ሲመጣ ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ስልክ ይዞ ወረደ፤ እሱ አንድ ሙዚቃ የሚያዋህድበት ሚክሰር በፎጣ ጠቅልሎ፣ ኪሱን በፍላሽ ሞልቶ መጣ። እናቱ እማማ ዘሃራ ፎጣውን ፈትተው ሲያዩት፣ «ይኼ ደግሞ የምን ምድጃ ነው?» አሉት አሉ። ከዚያ በኋላ «ምድጃው» እንደተባለ ቀረ።

ሙዚቃው ምን ዓይነት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዘፈን አይደለም። ግጥም የለውም፣ ናፍቆት የለውም፣ ትከሻ የሚያስመታ ነገር የለውም። በደቂቃ መቶ ሃምሳ፣ መቶ ስልሳ ጊዜ የሚደበድብ ብረት ነው። ሃርድ ቴክኖ ይሉታል። ትዝታና አምባሰል ስትሰማ ያደገች የወሎ ልጅ ይኼን ምን ልታደርገው እንደሆነ ለራሴም አይገባኝም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የሄድኩት ሽሮ ላስፈጭ ነው። ያኔ መርሳ ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። እውነቱን ለመናገር እንድሪስ አስጠላኝ። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ በዱቄት ተለጥፎ፣ አፍንጫው ዙሪያ ዱቄቱ ከላቡ ጋር ተቦክቶ፣ ሲያስል ከደረቱ የሚወጣው ሊጥ የመሰለ ነገር ነው፤ እሱንም ሳያፍር ደጃፉ ላይ ይተፋዋል። ውሃ የሚጠጣበት ጣሳ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ደርቋል። በዚያችው ጣሳ ውሃ ሲሰጥሽ አልጠጣም ካልሽ ይቀየማል። እኔም ወረፋዬን እየጠበቅሁ ፊቴን አዙሬ ቆሜ ሳለ፣ ከኋላ ካለው ግድግዳ በኩል የሆነ ነገር መታኝ። በጆሮዬ አይደለም የሰማሁት፣ በጉልበቴ ነው። ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ጆሮ ካለሽ ግቢ» አለኝ። «ከሌለሽ ሽሮሽ አልቋል፣ ውሰጂ።»

ገባሁ። ከወፍጮው ጀርባ ያለው ክፍል ያረጀ ማከማቻ ነው። የወፍጮ ቺንጋ ይሸታል፣ ናፍጣ ይሸታል፣ የአይጥ ሽንት ይሸታል፣ ከዚያ ላይ የሰው ላብ አለ። ጥግ ላይ የተሰነጠቀ የወፍጮ ድንጋይ ተጋድሟል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሞንታርቦ ቆሟል፣ መሀል ላይ ምድጃው። አምስት ስድስት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይንቀጠቀጣል። አንዱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ አባት መሆኑን ሳውቅ ልወጣ ነበር። አልወጣሁም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እግሬ ከኔ ተለይቶ የራሱን ሥራ ጀመረ። ስወጣ ነጠላዬ ከላቤ የተነሳ ገላዬ ላይ ተጣብቆ፣ ፀጉሬ ውስጥ ዱቄት ገብቶ፣ ሽሮዬን ረስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ሽሮውን ልወስድ ስመለስ እንድሪስ አልሳቀብኝም፤ «ገበያ ቀን ነይ» ብቻ አለኝ።

ገበያ ቀን የሆነበት ምክንያት አለው። ያን ቀን ሁለቱም ወፍጮዎች፣ የጤፉም የበርበሬውም፣ ከጥዋት እስከ ማታ አይቆሙም። ያ ሁሉ ጩኸት ሙዚቃውን ይሸፍነዋል። ደጅ ያሉት ሴቶች የሚሰሙት ወፍጮ ነው፤ ጀርባ ያለነው የምንሰማው ሌላ ነው። ቦታውንም «ጀርባ» አልነው። «ዛሬ ጀርባ አለ?» ብለን እንጠያየቅ ነበር።

እንድሪስ ደግሞ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ይሠራል። አንዱን ሙዚቃ ያስገባና ሮጦ ወደ ፊት ይወጣል፣ ጆንያውን ወፍጮው አፍ ላይ ይገለብጣል፣ የሴቶቹን የወረፋ ጠብ ይዳኛል፣ ከዚያ ሙዚቃው ሳያልቅበት ተመልሶ ይገባና በዱቄት እጁ ቀጣዩን ያመጣል። አንድ ጆንያ ጤፍ ምን ያህል እንደሚቆይ በሆዱ ያውቀዋል። ስለዚህ የሱ ሚክስ እንደ ሌላው ዲጄ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም። አንዱ ገና ሳይወጣ ሁለተኛው ከሥሩ ይገባል፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለቱ እየተፋጩ ይቆያሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ፈልገሽ ስታጪው፣ ያኔ የመጀመሪያው ይወድቅና ሁለተኛው ብቻውን ያርፍብሻል። ወይ ጉድ! ለዚያች ደቂቃ ነበር ሳምንቱን ሙሉ የምንጠብቀው። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ «እህ» ሲል እሰማ ነበር።

እስከ ዛሬ ሦስት ሚክሶቹ ስልኬ ውስጥ አሉ። በአንደኛው መሀል ላይ አንዲት ሴት «ተራዬ ነው፣ ወላሂ ተራዬ ነው!» ስትል ከግድግዳው ማዶ ይሰማል፤ ከዚያ የእንድሪስ ሸበጥ ሲሮጥ፣ ከዚያ በሩ። ትምህርት ቤት ስሄድ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ወልዲያ መሀል፣ በባጃጁ መካከል፣ መምህር መስዬ፣ ኤርፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጥርሴን ነክሼ እሄዳለሁ።

ሰውየው የሚጸየፈው ነገር ብዙ ነበር፤ በዚያ ነው መሰለኝ የተግባባነው። ሙዚቃ ላይ የሚጮህ ዲጄ አይወድም። «ሙዚቃ ላይ የሚጮህ ሰው ወጥ ላይ ያስነጥሳል» ይል ነበር። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸውንማ በቁጣ ያስወጣዋል፤ «ጆሮህን ይዘህ ና፣ ዓይንህን ቤት ተወው» ይለዋል። ቆሞ ሌላውን የሚያይ ሰውም አይወድም፤ ጆንያ ያሸክመዋል። መጥፎ ሚክስ ካሰማነው ፊቱን አጨማዶ «ያልተነፋ ነው» ይላል፣ አለቀ። ሙገሳ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጨፍሬ ጨፍሬ ጆንያ ላይ ስወድቅ፣ «ቲቸር ቆጠራ አታውቅም የሚል ሰው ቢኖር፣ ለማወቋ እኔ ምስክር ነኝ» አለ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ ልግባ።

የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ይመር ወንድማቸው ሞቶባቸው ነበር። ቅሬ ለማያውቅ ሰው፦ እኛ አገር ቅሬ ማለት ቀባሪ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው ያለበት። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው እሱ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ሰላምታው አይመለስም፣ ሲሞት ቃሬዛውን የሚሸከም አያገኝም። ለጋሽ ይመር ወንድም ለቅሶም ቅሬው ያዋጣው ጤፍ በገበያ ቀን ወደ ወፍጮ ቤቱ መጣ።

እንድሪስ ያን ቀን ስንት ሳምንት ሲያስበው የነበረውን ሚክስ ጀምሯል። ሁለቱ ሙዚቃዎች መፋጨት ላይ ናቸው፣ እጁን ማንሳት አይችልም። የቅሬው ልጆች ጆንያውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሄደዋል። እንድሪስ በዓይኑ ጠራኝና፣ ጆሮዬ ላይ ጮኾ፣ ጤፉን በጤፉ ወፍጮ ጨምሪልኝ አለኝ። ሮጥኩ። የጤፉ ወፍጮ ከበሩ ራቅ ይላል፤ የበርበሬው በሩ አጠገብ ነው። በግድግዳው በኩል ሙዚቃው ሊወድቅ ሲቃረብ ይሰማኛል፣ ያቺ ደቂቃ ልታመልጠኝ ነው። ያም ወፍጮ ነው ይኼም ወፍጮ ነው ብዬ፣ በርበሬ ፈጭቶ ገና ያልተጠረገው ላይ ገለበጥኩትና ተመልሼ ሮጥኩ። ደረስኩ። ስትወድቅ ደረስኩ። እንደዚያ ቀን ጨፍሬ አላውቅም።

ሰርገኛ ጤፍ ስለነበር ቀለሙ አላስታወቀም። ያቦኩት ሴቶች ሲያስነጥሱ ጉንፋን መሰላቸው። በለቅሶው ቀን ግን ድንኳን ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ አፉን ያዘ። ሽማግሌው ያስላል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እንጀራ አቅራቢዎቹ ጎምጅተን የምንበላ መስሏቸው ይጨምራሉ። እንደዚያ የተለቀሰበት ለቅሶ መርሳ አላየችም። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ አንድ ጉርሻ ስጎርስ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፣ ዋጥኩና ዝም አልኩ።

በማግስቱ፣ በገበያው ቀን፣ ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ወፍጮ ቤት ሄዱ፣ ድምፁን ተከትለው ጀርባ ገቡ፣ ምድጃውንም እኛንም አዩን። በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። ጋሽ ይመር አንድ በአንድ ጠየቁን። ካሳ በቆሎ ላስፈጭ ነው የገባሁት አለ። ከጨፋሪዎቹ አንዱ ባለባጃጅ ገብስ አለ። የተማሪዬ አባት ባቄላ አለ። ያን ቀን አስፈጨን ያልነው እህል እውነት ቢሆን መርሳን ዓመት ይቀልብ ነበር። የኔ ተራ ደረሰ። እኔ የጋሽ ይመር ቤት ተከራይ ነኝ፤ ጓሯቸው ውስጥ ነው የምኖረው፣ ሚስታቸው እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። መምህርት፣ ያላገባች፣ ከወንድ ጋር አይጥ ቤት ውስጥ ስትጨፍር የተገኘች ልባል ነው። ሽሮ ላስፈጭ ነው ጋሽ ይመር፣ አልኩ።

ቀጥለው ጤፉን በበርበሬው ወፍጮ የጨመረው ማነው ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለ እንድሪስ።

ወደ እኔ አላየም። እንዳያዩኝ ብሎ ነው ያላየው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጋሽ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ተነስተው፣ የዱቄቱ ነገር ባይኖር ሙዚቃውን ተቆጥተን እናልፈው ነበር፣ ሙት ላይ ማላገጥ ግን አይታለፍም አሉ። ሁሉም አዎ አለ። ፍርዱም እንድሪስ ያንን ዕቃ ይጥላል፣ ዳግመኛ እንደማይነካው ጉባኤው ፊት ይምላል፣ አለበለዚያ ከቅሬ ይወጣል የሚል ሆነ።

እንድሪስ ተነስቶ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለ። ጤፉን በጤፍ እተካለሁ፣ ሟቹ ላይ አላላገጥኩም አለ። ከዚያ፣ «መሐላውን ግን አልምልም። ዛሬ ብምል ነገ መልሼ እንደምከፍተው አውቃለሁ። በአላህ ስም አልዋሽም» አለ።

አወጡት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት ያስጠላል። ወፍጮ ቤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭር አለ፤ ሰው እህሉን ጭኖ ሌላ ወፍጮ መሄድ ጀመረ። እንድሪስ ሰላም ሲል ሰው ጫማውን ያስራል። ያቺ በፎቶው ያለቀሰችው ልጅ መንገድ ትሻገር ነበር። እማማ ዘሃራ ደግሞ ያኔ አልጋ ይዘዋል፤ የልብ ሕመም አለባቸው፣ እግራቸው አብጧል። እንደማይተርፉ እሳቸውም ሰፈሩም ያውቃል። የሚፈሩት ሞትን አልነበረም። አንድ ቀን በአጥራቸው በኩል ሳልፍ በደካማ ድምፅ ጠርተው፣ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ንገሪኝ። ማን ይቅበረኝ?» አሉኝ።

ምን አልኩ መሰላችሁ? አብሽሩ እማማ፣ አላህ ያውቃል አልኩ። በማግስቱ ማንጎ በላስቲክ ገዝቼ በራቸው ላይ አስቀምጬ ሰው ሳያየኝ ሮጥኩ። አንድ ቃል ብናገር የሚቀበሩትን ሴት በማንጎ ልሸኛቸው።

ወደ እንድሪስም ሄጃለሁ፣ በጓሮ በኩል፣ ተደብቄ። ወፍጮዎቹ ቆመዋል። ያ ቦታ ፀጥ ብሎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እንድሪስ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቺንጋ ይጠግናል፣ ያስላል። እኔ ሒሳብ አዋቂዋ መላ አመጣሁለት፦ ማልና ተመለስ፣ ከዚያ በኤርፎን ስማ፣ ማን ያይሃል?

ቺንጋውን አስቀመጠ። መጥፎ ሚክስ ሲሰማ እንደሚያደርገው ፊቱን አጨማደደ።

«እማዬን በሐሰት መሐላ ላስቀብራት ቲቸር?» አለኝ። «እኔ የምችለውን ብያለሁ። ያልተባለ ነገር ካለ የኔ አይደለም» አለ።

ገባኝ። በደንብ ገባኝ። እንዳልገባኝ ሆኜ ስለ ተማሪዎች ፈተና አወራሁለት። እሱም እስክጨርስ ሰማኝ። ሄጄ ለጋሽ ይመር መናገር የሚፈጀው ጓሮውን ማቋረጥ ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ አቋርጠው ነበር፣ ውሃ ልቀዳ። በየቀኑ ነገ እላለሁ። ሁለት ወር ተኩል ነገ አልኩ።

እማማ ዘሃራ በአንድ እሑድ ጥዋት ሞቱ። መርሳ አልወጣችም። ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። ዘመዶቻቸው ግራና ከምትባለው ከተማ በአይሱዙ መጥተው፣ የራሳቸውን ቃሬዛ ይዘው፣ አጥበው፣ ገንዘው ተሸከሟቸው። መንገዱ በኛ በር ነው የሚያልፈው። ጋሽ ይመር የግቢውን በር ዘግተው ጓሮ ተቀመጡ፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በመስኮቱ ቀዳዳ አየሁ። ከፊት እንድሪስ አለ፣ ትከሻው ላይ ቃሬዛ፣ ፊቱ ታጥቦ ንጹሕ ነው። ፊቱን ያለ ዱቄት ሳየው ማን እንደሆነ ለጊዜው ጠፋኝ። ከአሥራ አንዳችን አንድም ሰው አልወጣም።

በወሩ እንድሪስ መርሳን ለቆ ግራና ገባ፣ እህቱ ሰዓዳ ጋ። እኔም በዓመቱ ወልዲያ ተዛወርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ መርሳ መናኸሪያ ላይ ተገናኝተናል። እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ነው ገብቶ የጠራኝ። ከስቷል፣ ሳሉ ብሶበታል። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ቤተሰቦቼ ጠየቀኝ። መኪናው ሊወጣ ሲል፣ ሚክሶቹን ትሰሚያለሽ ወይ አለኝ። አልሰማም፣ ትቼዋለሁ አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። «አይ፣ ስሚ እንጂ» አለኝና ወረደ።

እንግዲህ የሞቱን ወሬ በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ግራና ሄድኩ። ሳንባው ነው የገደለው አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ማን ማን እንዳለ ቃኘሁ፤ ካሳ አለ፣ ባለባጃጁ አለ፣ ያቺ የግማሽ ጆሮ ፎቶ የለጠፈችው ጥቁር ለብሳ ፊት ተቀምጣለች። ጋሽ ይመርም የመርሳን ቅሬ ሰዎች ይዘው መጥተዋል፤ አርጅተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ቆመው እንድሪስ ሐቀኛ ነበር፣ ቃሉን የማይበላ ሰው ነበር እያሉ ይናገራሉ። ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

ሲቀመጡ እኔ ተነሳሁ። «ጋሽ ይመር፣ ያኔ ጤፉን የበርበሬው ወፍጮ ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንድሪስ አይደለም። እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

የመጣሁት እንዲተፋብኝ ነው። ቢያስወጡኝ፣ ቢረግሙኝ፣ አንዲት ሴት ተነስታ በጥፊ ብትለኝ ቀለል ይለኝ ነበር። ጋሽ ይመር ግን ፈገግ አሉ። ቀና ብለው፣ «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ያኔ ብትነግሪንም ያው ነበር፣ ዱቄቱ ሰበብ ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ አውፍ ብለናል አሉ። ጋሽ ተገኘ ዱቄቱ ባይኖር እናልፈው ነበር ያሉት ቃል፣ ያ ሁሉ ሰው አዎ ያለበት፣ ከሳቸው ጠፍቷል፤ ወይም እንዲጠፋ ፈልገዋል። ድንኳኑ ሙሉ «አውፍ፣ አውፍ» አለ። አንዷ ጎበዝ፣ የወላድ ልጅ አለችኝ። ካሳ አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ዳበሰኝ። እጁን ልነክሰው ነበር። ሁሉም ጻድቅ አደረጉኝ፣ በኔ ውስጥም ራሳቸውን ይቅር አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሲበራ አየሁት።

ሰዓዳ እንጀራ የያዘ ትሪ ይዛ እያዳረሰች ነበር። ለክርስቲያኖች ለብቻ የተሠራውን ምስር ይዛ እኔ ጋ ደረሰች። ሁሉን ሰምታለች። ጎንበስ አለችና፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ እናቴ ያለፈች ጊዜ የት ነበርሽ አለችኝ። ቤቴ ነበርኩ አልኳት። ስናልፍ አይተሽናል? አይቻችኋለሁ አልኩ።

ትሪውን ፊቴ አስቀመጠች።

«እነሱ አውፍ ብለውሻል» አለች። «እኔ አላልኩም። እሱም ለኔ ሲነግረኝ፣ ትመጣለች፣ ራሷ ትናገራለች እያለ ነው የጠበቀሽ። በመንገዱ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር እየወጣ ያይ ነበር። ብዪ።»

አልችልም፣ አይወርድልኝም አልኳት።

«ለቅሶ ቤት እህል አይመለስም» አለች። «ብዪ።»

ቆረስኩ። ሰዓዳ አልሄደችም፤ እስክጨርስ ድረስ ፊቴ ቆማ ጠበቀች።